በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጠራ ስም

ልብስ ሰፊውን በስሙ የሚጠራው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ሁሉም «ሜትሩ» ነው የሚለው፤ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አንገቱ ላይ ነው፤ ምሳውን ሲበላ አንገቱ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ ከነሜትሩ ተገኝቶ፣ «ምነው፣ ሟቹ ኮት አዟል እንዴ?» ብለው ሐዘንተኞቹ እንባቸውን ሳይጠርጉ ስቀዋል። ለልጆች «ጋሽ ሜትሩ» ነው፤ ለእኩዮቹ «ሜትሩ»። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች፤ ደስ ያላት ቀን ደግሞ «የኔ ጌታ»። የእንጀራ ልጁ «ጋሼ» ትለዋለች። እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ቀርቶ፣ እንደ ክት ልብስ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ኖረ።

ያንን ስም ከሳጥን ያወጡት ፈረንጆች ናቸው።

የእንጀራ ልጁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ይህ በአንድ መስመር ይጻፍ እንጂ ሃያ ዓመት የፈጀ ነገር ነው። ሜትሩ ግን ስለዚያ ሲጠየቅ «እኔ የማውቀው ልኳን ነው» ብሎ ያልፋል። ሥልጣኑን የተረከበች ቀን የለበሰችውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት የሰፋው እሱ ነው። እጇን ከፍ አድርጋ ስትምል አገሩ ሁሉ ቃሏን ሲሰማ፣ እሱ በቴሌቪዥኑ ያየው ብብቷ ሥር ያለውን ስፌት ነበር። አልተሳበም። «ተመስገን» አለ።

በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ከኋላ የሚከተለው የአባት ስም ለመታወቂያ፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለፍርድ ቤት ይሆናል እንጂ ሰው አይጠራበትም። ጠቅላይ ሚኒስትርም ብትሆን የሚወዳትም የሚጠላትም የሚያነሳት በራሷ ስም ነው። ስለዚህ ሜትሩ ሰባት ወር ሙሉ በገዛ ቋንቋው ዜና ሲሰማ፣ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አልሰማም። እሰማለሁ ብሎም አላሰበም።

አጠገቡ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይኖራል፤ ሰፈሩ «ቲቸር» ይለዋል። የቲቸር ልጅ ሆቴል ውስጥ ስለሚሠራ፣ እንግዶች አንብበው የሚጥሏቸውን የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ለአባቱ ይሰበስብለታል። ቲቸር ደግሞ ያነበባቸውን ሐሙስ ሐሙስ ጠቅልሎ ለሜትሩ ያመጣለታል፤ ለሥራ። ሜትሩ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት የጀርባውን፣ የእጅጌውን፣ የኪሱን ልክ በጋዜጣ ላይ አውጥቶ ይቆርጣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል። የሱቁ ግድግዳ በምስማር በተንጠለጠሉ የጋዜጣ እጅጌዎችና የጋዜጣ ኮሌታዎች የተሞላ ነው።

አንድ ሐሙስ ቲቸር ጋዜጣውን ሳይጠቀልል፣ ዘርግቶ እንደያዘ ገባ።

«አንተ ሜትሩ! ምን አድርገንህ ነው ነዳጅ ላይ የጨመርክብን?»

«ማን? እኔ?» ሜትሩ እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳ።

«አንተ እንጂ! ይኸው እዚህ ጋ። ፓርላማ ገብተህ ተናገርክ፤ ጠረጴዛ መታህ፤ ተቃዋሚዎቹን አፋቸውን አስያዝክ። ስምህ ነው የተጻፈው። ማዕረግ የለ፣ ምን የለ፤ ስምህ ብቻ።»

«ቀልድህን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው? ፈረንጅ ትልቅ ሰውን የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው። የእነሱ የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ አያት ቅድመ አያት የተጠራበት። የእኛም እንደዚያ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ልጅህ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ የተናገርከው አንተ ነህ። ደግሞ ስማ፤ ስምህን ጠርቶ ሲያበቃ ቀጥሎ 'እሷ አለች' ይልሃል። ሴትም አድርገውሃል!»

የሜትሩ ሚስት በጓዳው በር ብቅ ብላ ትሰማ ነበር። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ ክንዷ ዛሬም አልደከመም፤ ምላሷም እንዲሁ።

«እሰይ!» አለች። «በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር እኔ ያልጠራሁትን ስም ፈረንጅ ጠራልህ። ነዳጁን ግን መልስ፤ ታክሲ ጨምሮብናል።»

ሜትሩ አብሯቸው ሳቀ። ቲቸር ሲወጣ ግን ጋዜጣውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። እንግሊዝኛ አያነብም። ቲቸር በእርሳስ ያሰመረበትን ቃል ትኩር ብሎ አየው። ከፊቱ እንደ ተከፈተ መቀስ ያለ ፊደል አለው፤ ከኋላው የሚከተሉት ትንንሾች ናቸው። ዓይኑን ወደ ታች ሲያወርድ ያው ቅርጽ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ቦታ። በማያውቀው ከተማ፣ በገበያ ግርግር መሃል የሰፈሩን ሰው እንዳገኘ ሰው ሆነ። ወረቀቱ ላይ በጣቱ እየተከተለ ፈለጋቸው፤ አንዱም እንዳያመልጠው።

ከዚያ ወዲህ ቅድ ሲያወጣ መቀሱ ስሙ ጋ ሲደርስ ዞር ይል ጀመር። አስቦበት አልነበረም፤ እጁ እምቢ እያለው ነው። አንድ ቀን ቲቸር ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የጋዜጣ ሱሪ አይቶ፣ «የዚህ ሰውዬ ጉልበት ላይ ምን በቅሎበት ነው?» አለ። ጠጋ ብሎ አነበበና ገባው። ምላሱ ማረፍ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ትንፍሽ ሳይል ወጣ።

ስሙ ከልጅቱ ስም ኋላ እንዴት እንደተቀመጠ ሜትሩ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

የልጅቱ አባት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጅቱ ዓመት ሳይሞላት መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። ሜትሩ እናቷን ያገባው ልጅቱ አራት ዓመት ሲሆናት ነው። መጀመሪያ ሱቁ የመጣች ቀን፣ ማንም ሳያዛት ጠረጴዛው ሥር ገብታ ከየኮቱ የወዳደቁትን ቁልፎች ሰብስባ በየቀለማቸው ለየችለት፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ቡናማውን ለብቻ። «ይሄ ብቻውን ነው» ብላ አንድ ቀይ ቁልፍ ሰጠችው። ሜትሩ ከእናቷ በፊት በእሷ ነው የተሸነፈው።

ስድስት ዓመት ሲሞላት እናቷ የቀን ፈረቃ ላይ ስለነበረች፣ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግባት የወሰዳት እሱ ነው። የሰፋላትን ዩኒፎርም ለብሳለች፤ እንድታድግበት ብሎ ጫፉን አራት ጣት አጥፎላታል። መዝጋቢው ሰልፉ በዝቶበት ፎርሙን ገፋ አደረገና «ራስህ ሙላው» አለው።

የሜትሩ እጅ ከሱቁ የለመደው አንድ ነገር አለ። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ በቁራጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የለባሹን ስም ይጽፋል፤ ከጎኑ ልብሱን መጥቶ የሚወስደውን ሰው ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ወረቀቱን በስፒል ጨርቁ ላይ ይሰካል። ፎርሙ ላይም የልጅቱን ስም ጻፈ። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ፣ እጁ እንደለመደው፣ ትምህርት ሲያልቅ መጥቶ የሚወስዳትን ሰው ስም ጻፈ። የራሱን።

ያደረገውን ያወቀው መዝጋቢው ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው። የልጅቱ ስም፤ ቀጥሎ የሱ ስም።

«ልክ ነው?» አለ መዝጋቢው፣ ማኅተሙን አንስቶ።

ሜትሩ ማስተካከል ይችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ልጅቱ እጁን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ሲጠሩ ሰምቶ አያውቅም፤ ደግሞ ይሰማቸው ዘንድ ፈለገ። ዝም አለ። ማኅተሙ ወረደ።

መጻፉ የእጁ ስህተት ነበር። ዝምታው ግን የራሱ ነበር፤ ይህን ከራሱ ደብቆ አያውቅም። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ የትምህርት ቤቱን የምዝገባ ካርድ ሰጣት። አነበበችው፤ ጀርባዋን ሰጥታው አጠፍ አድርጋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ «ልጅቱ በልታለች?» አለች። ነገሩ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሹፌሩ ወንድም ለጥየቃ መጥቶ የልጅቱን ደብተር አገላብጦ አየ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜን ገደል በላው፤ ስሙን ግን የበላኸው አንተ ነህ» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ጋዜጣው ላይ ስሙን ሲያይ የሚሰማው ከኩራት ይልቅ ምስጋና ነበር፤ ለማን እንደሚያቀርበው ያልለየው ምስጋና። ለእግዚአብሔር አቀረበ። ለሹፌሩም አቀረበ፤ ጠመኔውን እንደያዘ በሆዱ፣ «ወንድሜ፣ ባንተ ቦታ ነው የተቀመጥኩት፤ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅርም በለኝ» ይላል። የልጅቱ ነገር ግን እንደ ተሰበረ መርፌ ውስጡ ቀርቷል። ስሙን ወዳው ነው የያዘችው ወይስ ማኅተም ስላረፈበት? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቋት አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ቲቸር ጋዜጣውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ መጣ።

«በመጨረሻ ሰው ሆኑ!» አለ። «ስማ፣ ልተርጉምልህ። 'ከጠቅላይ ሚኒስትሯ ጽሕፈት ቤት በቀረበልን ጥያቄ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ በራሳቸው ስም እንጠራቸዋለን። ሁለተኛው ስም የአባታቸው ነው፤ እሳቸው አይጠሩበትም።' ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ የኖርኩት ይሄንኑ አይደል? በእኛ ሰው ስም ላይ የእነሱን ሥርዓት አትጫኑ ስል አልነበር?»

ሜትሩ የያዘውን ካውያ ማቆሚያው ላይ አስቀመጠ።

«ጥያቄው የመጣው ከራሷ ቢሮ ነው?»

«ከቢሮዋ ይላል።»

«ከቢሮዋ።»

«ምነው ሜትሩ? ፊትህ ጨርቅ መሰለ።»

«ምንም አልሆንኩም። ልክ ነው። መጠራት ያለበት የሷ ስም ነው» አለና ካውያውን መልሶ አነሳ። ካውያው እንደበረደ ያስተዋለው ገበሩን ሦስት ጊዜ ከመላለሰበት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ለሜትሩ ከባድ ነበሩ። ቲቸር የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ነገሩን ያከበደው። የሚከራከርበት አጣ። ልጅቱ ትልቅ ሰው ሆነች፤ የራሷን ስም ጠየቀች፤ መብቷ ነው። ግን ለምን አሁን? አንድ ሰው ነግሯት ይሆን? ያ ፎርም ከአንድ ቁም ሣጥን ወጥቶ እጇ ገብቶ ይሆን? በሐሳብ ተውጦ የሰፈር ጠበቃውን ኮት ግራ እጅጌ በቀኝ፣ ቀኝ እጅጌውን በግራ ገጠመ። እንዲህ ያለ ነገር ሙያውን ከሚማርበት ጊዜ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም።

ሚስቱ ኮቱን ብድግ አድርጋ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጠበቃ የሚከራከረው ወደ ኋላ እየሄደ ነው?»

«እፈታዋለሁ።»

«ኮቱንስ ትፈታዋለህ። ያንተን ማን ይፍታልህ? ልጅቱን ጠይቃት።»

«ምን ብዬ ልጠይቃት እሜቴ? አገር የምትመራን ሴት 'ስሜን ለምን ተውሽው' ብዬ?»

«አዎ። እንደዚያ ብለህ።»

«እፍረት የሚባል የለም?»

«እፍረትህን ይዘህ ቁም እንግዲህ» አለችና ኮቱን ጭኑ ላይ ጥላበት ሄደች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ለስብሰባ ውጭ ስለምትሄድ አዲስ ኮት ታዛለች፤ ልትለካው ነው። ሁለት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆሙ። ሜትሩ አንደኛውን አየውና፣ «ያ ሁለተኛው ቁልፍህ ሊወድቅ ነው ልጄ፤ ስትወጡ አስታውሰኝ፣ እተክልልሃለሁ» አለው። ጠባቂው ደረቱን በእጁ ሸፈነ።

ለልክ በክር ብቻ የተያያዘው፣ ገና ገበር ያልገባለት ኮት ትከሻዋ ላይ ወጣ። መስታወቱ ፊት ቆመች። ሜትሩ ስድስት ስፒል ከንፈሮቹ መሃል ይዞ ከኋላዋ ይሽከረከራል።

«ወፍሬያለሁ አይደል ጋሼ?»

«እም።»

«እም ማለት አዎ ነው?»

«እም።»

«ምክር ቤት ውስጥ እንዳንተ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ» አለች። «ወይ ይደግፋል ወይ ይቃወማል፤ አይለይለትም።»

ሜትሩ አንድ ስፒል ወገቧ ላይ ሰካ። አንድ ደግሞ ትከሻዋ ላይ። ከዚያ እጁ ቆመ። የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ክንዱ ላይ ባሰራት ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቸው። መጨረሻው ሲወጣ የሚደበቅበት ነገር አለቀበት።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «ያኔ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩሽ ቀን...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ስምህን እንደጻፍክ። መዝጋቢው ሲጠይቅህ ዝም እንዳልክ። እዚያ ነበርኩ እኮ ጋሼ፤ እጅህን ይዤ።»

ሜትሩ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ መጣ» አለች፣ ከመስታወቱ ውስጥ እያየችው። «ማመልከቻ አስጽፎ፣ ሁለት ምስክር አዘጋጅቶ። ፍርድ ቤት ገብተን ስምሽን እናስተካክል አለኝ። ሻይ ቤት ወስዶኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳኝ ቆየ። ሲጨርስ አልፈርምም አልኩት። 'አባቴን አላስታውሰውም፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝን ሰው ግን አስታውሰዋለሁ' አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ልጄን ወልጄ በአባቴ ስም ስጠራው ግን መጥቶ አቅፎኝ አለቀሰ። ያ ስም የትም አልጠፋም ጋሼ። ቤቴ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ እጠራዋለሁ፤ 'ጭቃ ጫማህን አውልቅ' እያልኩ።»

ሜትሩ የልጅ ልጁን ስም ከተወለደ ጀምሮ ሲጠራው ኖሯል። ሹፌሩ በዚያ በኩል ተመልሶ እንደገባ ግን እስከዛሬ አልታየውም ነበር። ከደረቱ ላይ አንድ ከባድ ነገር ወረደ። ሌላው ግን እዚያው ነበር።

«ታዲያ ለምን አስወጣሽኝ?» አለ። ሊቀልድበት ሞክሮ ነበር፤ ድምፁ ከዳው።

«ከየት?»

«ከጋዜጣው።»

ልጅቱ ከመስታወቱ ዞረች። ስፒል የተሰካበት ኮት ለብሳ፣ አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አትመስልም ነበር።

«ቲቸር ነው የነገረህ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ወንበሩን ስባ ልትቀመጥ ስትል ስፒሉ ትዝ አላትና ቆመች። «ባለፈው ወር ውጭ አገር የሄድኩበት ከተማ ሰልፍ ነበር» አለች። «በኔ ላይ። መብታቸው ነው፤ ከሚሉትም ግማሹ እውነት ነበረው። መኪናችን መብራት ላይ ስትቆም አንዲት ሴት ሰሌዳ ይዛ መስኮቴ ጋ መጣች። ሰሌዳው ላይ ያንተ ስም ነው ያለው፤ ይህን በሚያህል ፊደል። ሥሩ 'ውሸታም' ይላል። የኔን ስምማ ለምጄዋለሁ፤ አገር ቤት ያልተጻፈበት ግድግዳ የለም። ያንተን ግን ማየት አልቻልኩም። አንተ እኮ በሕይወትህ ሰው ዋሽተህ አታውቅም። እኔ ለወሰንኩት አንተ ለምን ትሰደባለህ? እዚያው መኪና ውስጥ እንዳለሁ ነው ለጋዜጦቹ ጻፉ ብዬ ቢሮዬን ያዘዝኩት።»

ሜትሩ ሰምቷት ሲያበቃ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቱ የሚያለቅስ መስሏት እጇን ስትዘረጋ፣ ሳቁ ፈንድቶ ወጣ።

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም?»

«ምን ያስቅሃል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ 'ለቅዳሜ ይደርሳል' ስል የኖርኩ ሰው ነኝ! የቲቸር የሠርግ ሱሪ ያለቀው ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። በተዋሰው ሱሪ ነው ያገባው፤ ፎቶውን ሂጂና እዪው፣ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል!»

«የኔንም የሠርግ ቀሚስ ንገራት!» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

«የእናትሽንም! መዝጋቢው 'ልክ ነው?' ሲለኝ ዝም ያልኩትስ? ያቺ ሴት ሰሌዳዋ ላይ ምንም አልተሳሳተች። የሚያውቀኝ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው!»

ልጅቱም ሳቋ መጣ። ስትስቅ የወገቧ ስፒል ወጋትና «እሪ!» ብላ ዘለለች፤ ጠባቂው በሩን ብርግድ አድርጎ ገባ፤ አገር የምትመራውን ሴትና ልብስ ሰፊውን ተያይዘው ሲስቁ አይቶ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ተመልሶ ወጣ።

ሳቁ ሲበርድ ሜትሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ስሚኝ» አለ። «ስምሽ እንዲጠራ ከፈለግሽ ይጠራ። እናትሽ ያወጣችልሽ ጥሩ ስም ነው። ለኔ ብለሽ ከሆነ ግን ተዪው። እኔን ኮቱ ጠበበኝ፣ ሱሪው አጠረኝ እያለ ፊት ለፊት የሚሰድበኝ ሞልቷል፤ ስድብ አይገድለኝም። ከሚሉት ግማሹ እውነት ነው ብለሻል አይደል? ያንን ግማሹን አንቺ አስተካክዪ። ስሙን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ልጅቱ ወደ መስታወቱ ዞራ እጆቿን ከጎኖቿ ራቅ አድርጋ ቆመች፤ ልጅ ሆና ዩኒፎርሟን ሲለካላት ትቆም እንደነበረው። ሜትሩ የቀሩትን ስፒሎች ሰካ።

«እሺ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ለጋዜጦቹ ሌላ ደብዳቤ ላኩ እላለሁ። በፈለጉት ይጥሩኝ።»

ኮቱን በጥንቃቄ ከትከሻዋ አወረደላት። ቦርሳዋን ስታነሳ፣ «መቼ ይደርሳል?» አለችው።

«ለቅዳሜ» አለ ሜትሩ፤ እናም ሁለቱንም እንደገና ሳቅ ጀመራቸው።

የጠባቂው ቁልፍ ከተተከለና መኪኖቹ ከመንገዱ ጥግ ከታጠፉ በኋላ ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሜትሩ ከኮቱ ትከሻ ላይ ትርፍ ክር እየመዘዘ ነበር።

«ታውቅ ኖሯል» አለ። «ሁሉንም። አጎቷም መጥቶ ነበር አለችኝ።»

«አጎቷ መጀመሪያ የመጣው እኔ ጋ ነው» አለች። «እሷን ጠይቃት አልኩት። የምትለውን አውቅ ነበር።»

ክሩ እጁ ላይ ቀረ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደበቅሽኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝና? ደግሞ ስትጨነቅ ዝም ትላለህ፤ ቤቱም ሰላም ያገኛል።»

«አንቺ ሴት!»

«ካርዱን ያመጣህ ዕለትም ዝም ያልኩት ተናድጄ መስሎህ ነው የኖርከው አይደል?»

ሜትሩ ቀና አለ። «ታዲያ ለምን ነበር?»

«ስለቅስ እንዳታየኝ ነዋ» አለች፣ ቀሚሷ ላይ ያረፈ ብጣሽ ክር እያነሳች። «ልጄ ሰው አገኘች ብዬ ነው ያለቀስኩት። ፊቴን ሳጥን ውስጥ ነበር የደበቅኩት። የናፍታሊኑ ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።»

ሜትሩ የኮቱን እጅጌ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። በስፌት መኪናው ላይ የተኛውን እጇን አየ፤ የሳሙናና የፈላ ውኃ ዘመን ያሻከረውን። በዚህ ቤት እሷንም በስሟ የጠራት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ሆስፒታል ውስጥ «እናት» ነበረች፤ ሰፈር ውስጥ «የሜትሩ ሚስት»፤ ለእሱ «እሜቴ»፣ «አንቺ ሴት»።

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አዲስ ቃል እንደሚያነብ ሰው፣ በስሟ ጠራት።

«አቤት» አለች ሳታስበው፤ ከዚያ ደንግጣ አየችው።